በመጋቢት ሊኑክስን ማን አበዛው?

እኔ ሰው ስለ ኮምፒውተር ሲያወራ ሰምቼ ማለፍ የማይሆንልኝ ሰው ነኝ። ባጃጅ ውስጥ ሁለት ሰዎች «ዊንዶውሱ እኮ ተበላሸብኝ» ሲባባሉ ከሰማሁ፣ መውረጃዬን እስካልፍ ድረስ አብራራላቸዋለሁ። ይህ ባሕርዬ ብዙ ጊዜ አሰድቦኛል፤ አንድ ጊዜ ግን ሕይወቴን ቀይሮልኛል። ታሪኩን ሸሪኬ ኸይሩ ሰርግ ላይም ለቅሶ ላይም ስለሚያወራው ሚዛን ከተማ ውስጥ ያልሰማው ሰው ጥቂት ነው። እሱ ሲያወራው ግን ብልሁ እሱ፣ ሞኙ እኔ ነኝ። እስቲ ዛሬ ደግሞ ከሞኙ አፍ ስሙት።

ያኔ ላጤ ነበርኩ። ከሚዛን ገበያ ወደ አማን በሚወስደው መንገድ ዳር ከኸይሩ ጋር አንድ ቤት ተከራይተን እንሠራ ነበር። ከፊት ያለው ክፍል የእሱ ነው፤ ፎቶ ኮፒ ያነሳበታል፣ ቻርጀርና የስልክ ሽፋን ይሸጥበታል። ከኋላ ያለው የእኔ ነው፤ ኮምፒውተር አስተምርበታለሁ። የማስተምረው ደግሞ ሊኑክስን ነው። ሊኑክስ ለማታውቁት፣ ዊንዶውስ ኮምፒውተሩን እንደሚያሠራው ሁሉ ሊኑክስም ያሠራዋል፤ ልዩነቱ በነፃ መገኘቱና አሮጌ ማሽን ላይም ሳያቃስት መሥራቱ ነው። እኔ እንደ ሃይማኖት ይዤዋለሁ። ተማሪዎቼ ግን ሁሉም ተጠራርገው ቢመጡ ሁለት ባጃጅ አይሞሉም ነበር።

ሌላም ሥራ ነበረኝ። የሚዛንን፣ የሸኮንና የቴፒን የቡና ዋጋ በየማለዳው ነጋዴዎች ጋ እየደወልኩ የምጽፍባት አንዲት የኢንተርኔት ገጽ አለችኝ። ሥዕል የላት፣ ጌጥ የላት፤ ዋጋ ብቻ። ገጿ ላይ ቆጣሪ ገጥሜላት ነበር። ወሩ ሲያልቅ ቆጣሪው፣ ገጿን በኮምፒውተር ከከፈቱት ውስጥ ከመቶ ስንቱ በዊንዶውስ፣ ስንቱ በሊኑክስ እንደመጣ ይነግረኛል። የራሳችንን ክፍል ማሽኖች እንዳይቆጥር ከልክየዋለሁ፤ ራሴን ማታለል አልወድም። ሌላው ሰው የወሩን ደመወዝ እንደሚጠብቅ እኔ ያችን ቁጥር እጠብቅ ነበር። በየወሩም ሊኑክስን ከታች ተኮራምቶ አገኘዋለሁ።

በዚያ ዓመት መጋቢት ሲገባ ኸይሩ አንድ ሐሳብ ይዞ መጣ። የኋላውን ክፍል ከረንቡላ እናድርገው አለኝ። የመጫወቻውን ጠረጴዛ ጅማ አይቶት መጥቷል፣ ተስማምቷል፣ የሚቀረው መጫን ብቻ ነው። ወጣቱ ከሊኑክስ ይልቅ ከረንቡላ ይወዳል፤ ይህን ለመካድ ዓይነ ደረቅ መሆን ያስፈልጋል። እኔ ግን ካድኩ። ተጨቃጨቅን። ኸይሩ ክፉ ሰው አይደለም፤ አባቱ ከስልጤ መጥተው ሚዛን ላይ ሱቅ ከፍተው ያሳደጉት፣ ከልጅነቱ መመዘኛና ባንኮኒ ሲያይ ያደገ ነጋዴ ነው። በመጨረሻ እኔው ራሴ በንዴት፣ «የወሩ ቁጥር ይፍረደን» አልኩት። በመጋቢት የሊኑክስ ድርሻ ካደገ ክፍሉ የትምህርት ሆኖ ይቀራል፤ ካላደገ ለከረንቡላው እለቃለሁ። እጅ ለእጅ ተመታታን። ከተመታታን በኋላ ነው ምን እንዳደረግኩ የገባኝ፤ ግን ቃል ወጥቷል።

መጋቢት አለቀ። ማለዳ ክፍሌን ከፍቼ ቆጣሪውን ሳየው ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ከመቶ አምስት ሞልቶ የማያውቀው ሊኑክስ ሠላሳ ገብቷል። ተሳስቶ እንደሆነ ብዬ ገጹን ደግሜ ከፈትኩት። ሠላሳ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ከዚያ በኋላ ማን ይቻለኝ! ለተማሪዎቼ በሙሉ ሻይና ቦምቦሊኖ አዘዝኩ። ወንበር ላይ ወጥቼ ንግግር አደረግኩ። ደቡብ ምዕራብ ነቅቷል፣ ሕዝቡ ነፃውን መርጧል፣ ከእንግዲህ ወደኋላ የለም አልኩ። ቦምቦሊኖ ላመጣው ባለ ሻይ ቤት እንኳ ሳይቀር ትርጓሜውን ሰጠሁት። ኸይሩ በሩ ላይ ተደግፎ እስክጨርስ ጠበቀኝ። ስጨርስ በቀስታ ጠየቀኝ።

«ኢንጂነሩ፣ እነዚህ ሰዎች እነማን ናቸው?»

«ሕዝቡ ነዋ።»

«የቱ ሕዝብ? እኔ የማውቀው ሚዛን ውስጥ ሊኑክስ ያለው ሰው በሙሉ እዚህ ክፍል ተቀምጦ ቦምቦሊኖ እየበላ ነው።»

ተማሪዎቼ ሳቁ። እኔ ክው አልኩ። ኸይሩ ውሉን አላፈርስም፣ ድርሻው አድጓል፣ አሸንፈሃል አለ። ነገር ግን ጠረጴዛው ከጅማ ተጭኖ ቅዳሜ ይደርሳል፤ ሹፌሩን መልሰህ ውሰደው ከማለቴ በፊት ከእነዚህ ሰዎች አንዱን ብቻ አሳየኝ አለኝ። ፍትሐዊ ጥያቄ ነው። ቀኑ ሐሙስ ነበር።

ተማሪዎቹን አሰናብቼ ቆጣሪውን መመርመር ጀመርኩ። ሰዎቹ ከየት እንደሚመጡ ስጠይቀው «አዲስ አበባ» ይለኛል፤ እሱ ለሁሉም አዲስ አበባ ነው የሚለው፣ ሸኮ ተቀምጠው ቢከፍቱትም አዲስ አበባ ነው። ሰዓቱን አየሁ። የሊኑክስ ሰዎች የሚመጡት ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ጠዋት ጠዋት ነው። ቅዳሜና እሑድ ዝር አይሉም። ሲመጡ ደግሞ በመንጋ ነው፤ የሚያዩትም የቴፒን ዋጋ ብቻ። ነገሩ ግልጽ ሆነልኝ። ቴፒ ላይ አንድ ትልቅ ዘመናዊ የቡና ድርጅት ተከፍቷል፤ መስታወት በመስታወት የሆነ ቢሮ አለው፤ ሠራተኞቹ ጠዋት ሲገቡ ተሰልፈው የእኔን ገጽ ይከፍታሉ። በዓይነ ሕሊናዬ ሥራ አስኪያጁ ሲጨብጠኝ ሁሉ ታየኝ። ሰርግ ላይ ብቻ የምለብሳትን ኮት ለበስኩ፣ ከረቫት አሰርኩ፣ ወደ መናኸሪያ ሄድኩ።

ሚኒባሱ ውስጥ የኮረሪማ ጆንያ ካቀፈ ሰውዬ አጠገብ ተቀመጥኩ። ሸኮ ላይ ዝናቡ ወረደ፤ መስኮቱ አይዘጋም፤ ከረቫቴ በሰበሰ። ቴፒ ስደርስ በስብሼ ኮረሪማ ኮረሪማ እሸታለሁ። ከሰዓት በኋላውን የቡና ቢሮ የተባለ ሁሉ ደጅ ስጠና ዋልኩ። ሊኑክስ ትጠቀማላችሁ ወይ ብዬ ስጠይቅ አንዱ የአረም መድኃኒት መስሎት ዋጋውን ጠየቀኝ። ሌላው በትሕትና፣ የቡና ወቅት ስላለፈ አሁን ኮምፒውተሩን የሚከፍተው ሰው እንኳ የለም አለኝ። ልብ ብሎ ላዳመጠው መልሱ በሙሉ እዚያች አረፍተ ነገር ውስጥ ነበር። እኔ ግን የመስታወት ቢሮ ነው የምፈልገው፤ አመስግኜው ወጣሁ። አልጋ ይዤ አደርኩ።

ዓርብ ጠዋት አንዲት ሻይ ቤት በረንዳ ላይ አንገቴን ደፍቼ ተቀመጥኩ። ባዶ እጄን ልመለስ ነው፤ ነገ ጠረጴዛው ይመጣል። ስልኬን አውጥቼ ዝም ብዬ ቆጣሪውን ከፈትኩት። በዚያች ሰዓት ገጿ ላይ ማን እንዳለ የሚያሳይ ቦታ አለው። ማንም የለም። ሻዬን እያማሰልኩ ሳለ በቅርብ ርቀት ደወል ተደወለ፤ በብረት የሚመታ የመኪና ቸርኬ ነው። ስኳሩ ሟሙቶ ሳያልቅ ስልኬ ላይ አንድ ሊኑክስ ብቅ አለ። ሌላ ተከተለው። ከዚያ ተራ በተራ፣ ሊኑክስ፣ ሊኑክስ፣ ሊኑክስ! ማማሰያው ከእጄ ወደቀ።

አጋጣሚ ሊሆን ይችላል ብዬ ራሴን ያዝኩ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ነውና ሌላ ሻይ አዝዤ ቁጭ አልኩ። ዓይኔ ስልኩ ላይ፣ ጆሮዬ ደወሉ ላይ። ያን ያህል ረጅም ጠዋት አላውቅም። በመጨረሻ ቸርኬው እንደገና ተመታ፤ ስልኬ ላይ ያሉት ሊኑክሶች ደግሞ አንድ በአንድ ጠፉ። ሂሳቤን ጠረጴዛው ላይ ጥዬ የደወሉን አቅጣጫ ይዤ ሮጥኩ። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው።

በሩ ላይ አንድ ሽማግሌ ጥበቃ ማንን እንደምፈልግ ጠየቁኝ። ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ እያለ፣ «አባባ፣ ሊኑክስ ፈልጌ ነው» አልኳቸው።

«የስንተኛ ክፍል ተማሪ ነው?» አሉኝ።

ኮምፒውተር ነው ብዬ ሳስረዳቸው ጊዜ ከረቫቴን አይተው አዘኑልኝ መሰለኝ፣ «ቲቸር ፍሬሕይወት ጋ ሂድ» ብለው ወደ አንድ ረጅም ክፍል ጠቆሙኝ። ስደርስ አዲስ ክፍለ ጊዜ ሊጀመር ተማሪዎች እየገቡ ነበር። ውስጥ ያሉት ማሽኖች የመስታወት ቢሮ ማሽኖች አይደሉም። አንዳንዶቹ ሽፋን የላቸውም፣ ሆዳቸው ይታያል። ተማሪዎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ተቀምጠው ማሽኖቹን አስነሡ። ሁሉም ላይ፣ በክፍሉ ዙሪያ፣ ጌጥ የሌላት የእኔ ገጽ ተከፈተች። ሰሌዳው ጋ የቆመችው መምህርት ቾክ እንደያዘች ዞር አለችና፣ «ምን ልርዳዎት?» አለችኝ።

«ይቺን ገጽ የምጽፋት እኔ ነኝ» አልኩ። ሌላ የምለው ጠፋኝ።

ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። «አንተ ነህ?» አለች፤ «እርስዎ»ው እዚያው ቀረ። «ባለፈው በዓል ሰሞን የቴፒን ዋጋ በሸኮ ቦታ ጽፈህ ልጆቼን ያሳሳትከው?»

ተማሪዎቹ በሳቅ ፈነዱ። እውነቷን ነበር። ከዚያ ልጆቹን ሥራ አስይዛ በሩ ጋ መጥታ አስረዳችኝ። የምታስተምረው ሒሳብ ነው፤ የኮምፒውተር ክፍሉንም ደርባ ይዛለች። ማሽኖቹ አሮጌ ስለሆኑ ዊንዶውስ አልነሣ ብሏት፣ ሊኑክስን በስልክ ቪዲዮ እያየች ለብቻዋ ነው የጫነችው። ኢንተርኔታቸው ደካማ ስለሆነ ቶሎ የምትከፈት ገጽ ስትፈልግ የእኔን አገኘች፤ ማሽኖቹ ሲነሡ መጀመሪያ እንድትከፈት አደረገቻት። ልጆቹ መቶኛን የሚማሩት የትናንትና የዛሬን የቡና ዋጋ እያነጻጸሩ ነው። የገበሬ ልጆች ናቸው፤ ከሰዓት ቤታቸው ሲገቡ ዋጋውን ለአባቶቻቸው ይነግራሉ። ይህን ስሰማ ሰው ፊት ባልሆን አለቅስ ነበር።

እኔም በተራዬ የመጣሁበትን ነገርኳት፤ ውሉን፣ ከረንቡላውን፣ ሠላሳውን። ሕዝቡ ወደ ሊኑክስ እየጎረፈ ነው አልኳት። ግንባሯን ቋጠር አደረገች።

«እኛ እኮ ከጥር ጀምሮ ያው ነን» አለች። «አንድም ማሽን አልጨመርንም። አንተ ያየኸው ድርሻውን ነው ቁጥሩን?»

«ድርሻውን።»

«እስቲ ቁጥሩን ክፈተው።»

ስልኬን ሰጠኋት። በጣቷ እየጠቆመች አሳየችኝ። የሊኑክስ ጎብኚ በጥርም፣ በየካቲትም፣ በመጋቢትም ያው ነው። ዊንዶውስ ነው የተናደው። የቡናው ወቅት ሲያልቅ ነጋዴዎቹ ኮምፒውተራቸውን ዘግተው ሄደዋል። ያ የቢሮ ሰው ነግሮኝ ነበር፤ አልሰማሁትም።

«ድግስ ላይ እንግዳው ሲሄድ ቤቱን ቤተሰብ የሞላው ይመስላል» አለችኝ። «ቤተሰብ ግን አልበዛም።»

ወንበር ላይ የወጣሁት፣ ቦምቦሊኖው፣ ንግግሩ ሁሉ አንድ ላይ ትዝ አለኝና ፊቴ ጋለ። ክፍሌ ሄደች ማለት ነው። ፍሬሕይወት መጀመሪያ ሳቀች፤ ቀጥላ ፊቴን ስታይ ደነገጠችና ይቅርታ ጠየቀችኝ። ሊኑክስን ወድዳ እንዳልጀመረችው፣ አሁን ግን እንደወደደችው ነገረችኝ። ማሽን በተበላሸ ቁጥር የምትጠይቀው ሰው አጥታ ስንት ቀን እንደተቸገረች፣ እንደ እኔ ያለ ሰው ሚዛን ላይ መኖሩን ብታውቅ ኖሮ በእግሯ ትመጣ እንደነበር አጫወተችኝ። ከምሳ በፊት ሁለት የሞቱ ማሽኖች አስነሣሁላት። ልጆቹ አጨበጨቡ። ስሄድ ከትምህርት ቤቱ ጓሮ የበቀለ ትልቅ አናናስ ሰጠችኝና፣ «ለሸሪክህ እውነቱን ስትነግረው ይሄን አብረህ ስጠው፤ ያለሰልሰዋል» አለችኝ።

ሚኒባሱ ውስጥ አናናሱን አቅፌ ሚዛን እስክገባ አንድ ነገር ብቻ ሳስብ መጣሁ። ሠላሳው እኮ ውሸት አይደለም፤ ውሉም ድርሻው ካደገ ነው የሚለው። ዝም ብል አሸናፊ ነኝ። ግን ፍሬሕይወት ስትስቅና ስትደነግጥ ያየሁት ፊቷ ከፊቴ አልጠፋ አለኝ። እንዴት ብዬ ዝም ልበል? ኸይሩ ሱቁን ሊዘጋ ሲል ደረስኩና ሁሉንም አፍረጠረጥኩለት። ሰዎቹን አግኝቻቸዋለሁ፣ ተማሪዎች ናቸው፣ አልጨመሩም፣ ነጋዴው ነው የሄደው፣ ክፍሉ ያንተ ነው፣ ይኸው አናናስ።

ኸይሩ አናናሱን ተቀብሎ አሸተተው። ባንኮኒው ላይ አስቀመጠውና፣ «ልጆቹ በመጋቢትም ይመጣሉ ነው የምትለኝ?» አለ።

«በየቀኑ። የቡና ወቅት ሆነ አልሆነ።»

«ኢንጂነሩ» አለኝ፣ «አንተ ድርሻ ታውቃለህ፣ እሷ ቁጥር ታውቃለች፤ ደንበኛ ግን ሁለታችሁም አታውቁም። በወቅቱ ሁሉም ሰው ደንበኛ ነው። አባቴ ሁልጊዜ የሚለኝ፣ ክረምት ላይ፣ መንገዱ ጭቃ ሆኖ፣ ገበያው ጭር ብሎ ሳለ የሚመጣልህን ሰው ያዝ ነው። ሌላው ወቅቱ ነው ያመጣው፤ ያ ሰው ግን ያንተ ነው። ወላሂ፣ እንዲህ ዓይነት ደንበኛ እኔ ለቻርጀር አላገኘሁም። እሱን ትቼ ከረንቡላ ላስገባ?»

በማግስቱ ጠረጴዛው ሲደርስ አራት ሰው ተሸክሞት ወደ ኋላ ሊያስገባው ሲል ኸይሩ በሩ ላይ ቆመና በረንዳው ላይ አስወረደው። ከላዩ ቆርቆሮ መታለት። እስከ ዛሬ እዚያው ነው፤ ወጣቱ ሲጫወት የኳሱ ኳኳታ እያስተማርኩ ይሰማኛል። ኸይሩ በዚያው ቀን ሌላም ፈረደ። ከሰኞ እስከ ዓርብ እዚህ አስተምር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ቴፒ ሄደህ ክፍል ክፈት አለኝ። መንገዱ ይርቃል ብዬ ለይምሰል አንገራገርኩ።

«ትናንት ማታ ካወራኸኝ ውስጥ የሊኑክስ ድርሻ ስንት ነበር? የመምህርቷስ ስንት ነበር?» አለኝ። መልስ ሳይጠብቅ ወደ ፎቶ ኮፒው ሄደ።

የቅዳሜዎቹን ነገር አላስረዝምባችሁም። ዓመት ሳይሞላ ሽማግሌ ላክሁ፤ ኸይሩም ከሽማግሌዎቹ ጋር ገባ። የፍሬሕይወት አባት ቡና አምራች ናቸው። ልጁ ሥራው ምንድን ነው ብለው ሲጠይቁ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሊኑክስን ሊያብራራ ጀምሮ ጠፋበት። ኸይሩ አቋርጦ፣ የቡና ዋጋ ኢንተርኔት ላይ የሚጽፈው እሱ ነው አላቸው። አባቷ፣ «የሰፈሩ ልጆች ከትምህርት ቤት እያመጡ የሚነግሩኝን ዋጋ? ዝቅ ባለ ቁጥር ስሰድበው የኖርኩት ሰውዬ እሱ ነው?» አሉ። ሽማግሌዎቹ ፈሩ። እሳቸው ግን ፈገግ ብለው፣ «በሉ ይምጣ፤ ከእንግዲህ ቤቴ አስቀምጬ ልስደበው» አሉ።

እናንተ የወር ቁጥር የምታነቡ ወገኖቼ፣ የኮምፒውተርም ይሁን የሱቅ ወይም የሌላ፣ አንድ ነገር ከመቶ ብዙ ሆነ ሲሏችሁ እንደ እኔ ወንበር ላይ ለመውጣት አትቸኩሉ። መጀመሪያ ማን መጣ ብላችሁ ጠይቁ፤ ቀጥላችሁ ማን ሄደ በሉ። ከሁሉ በላይ ግን ሌላው ሁሉ ሲሄድ ያልሄደው ማን እንደሆነ እዩ። ከተቻለ ሄዳችሁ በዓይናችሁ እዩት፤ የእኔ ቆጣሪ ፍሬሕይወትን አያሳይም ነበር። አሁንም በየወሩ መጨረሻ ቁጥሩን እከፍታለሁ፤ ሊኑክስ ጥቅምት ላይ ይሰምጣል፣ መጋቢት ላይ ብቅ ይላል። እኔም እንደ ድሮው አልደነግጥም፣ አልጨፍርም። ልጆቹ እዚያው እንዳሉ አውቃለሁ።

ሰርጋችን ቴፒ ላይ ነበር። ድግሱ አልቆ፣ እንግዳው ተሸኝቶ፣ ድንኳኑ ባዶ ሲሆን እኔና ፍሬሕይወት ብቻችንን ተቀመጥን። ኸይሩ ጫማውን አውልቆ በእጁ ይዞ መጣና ፊታችን ቆመ።

«እንግዳው ሄደ» አለን። «አሁን ድርሻችሁ ከመቶ ስንት ገባ?»

ፍሬሕይወት ቬሏን ሰብሰብ አድርጋ፣ «ድርሻችን መቶ ነው» አለችው። «ቁጥራችን ግን ያው ሁለት ነው።»

በሚቀጥለው ዓመት መጋቢት ላይ ግን ቁጥራችን ጨመረ። ሴት ናት፤ አባቷን ትመስላለች፣ ሳቋ ግን የእናቷ ነው። ለኸይሩ ከሆስፒታል ደውዬ ስነግረው፣ «ይሄንንስ ወንበር ላይ ወጥተህ ተናገረው» አለኝ።

እኔም ወጣሁ።